የደንገል በር ተማሪዎች ቆመው ስለሚማሩበት ምክንያት

ለክቡር አቶ ግሩም አምባቸው
የገጠር ትምህርት ቤቶች የቀጥታ ሥርጭት ቋንቋ ትምህርት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለተዋለልን ውለታ ሁሉ ምስጋና ማቅረብንና፣ እግረ መንገዱንም መምህርታችንን መልሱልን ብሎ መለመንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን፤ ሐይቁም በቦታው አለ። በተለይ ጉልበትዎን እንዴት እንዳደረገዎት ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ስለ ሰው ጉልበት ይህን ያህል የምጨነቅበትን ምክንያት ደብዳቤው ወደ ታች ሲወርድ ያገኙታል።

ስሜ ኢስሀቅ ይባላል። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌን አልፎ ለሚመጣ ሰው፣ ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ገለጥ ሲል ብቅ በምትለው ደንገል በር በምትባል መንደር ጨርቅ፣ ጨውና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ነኝ። ልጄ ሰሚሐ በመጪው ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትፈተናለች። በደንገል በር ከስምንተኛ በላይ ትምህርት የለም፤ ፈተናውን ያለፈ ልጅ በጀልባ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ያላለፈው እኛ ጋር ይቀራል። በዙሪያችን ስንት ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚህ ክፉ ጊዜ የእኛ በሩን ሳይዘጋ በመሰንበቱ ፈጣሪን ስናመሰግን ቆይተን ነበር፤ ለካ የመሥሪያ ቤትዎ ዓይን ያረፈብን በዚሁ ምክንያት ኖሯል። ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት ካልተገኘ ፕሮጀክት የሚመረቅበት ቦታ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቅሬታ መስሎ ከተሰማዎት ጥፋቱ የእኔ ብዕር እንጂ የእርስዎ ጆሮ አይደለም።

፩. ስለ መመረጣችን

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ መሥሪያ ቤትዎ የእንግሊዝኛ መምህር የሌላቸውን የገጠር ትምህርት ቤቶች ከባሕር ዳር ሆኖ በስክሪን ሊያስተምር መነሣቱን ስንሰማ እሰየው አልን። ደስ ያለን ለእነዚያ ላልታደሉት ነበር፤ ለራሳችን ምንም አልጠበቅንም፣ እኛ መምህርት አገርነሽ ነበረችንና። በደብዳቤ ሥርዓት አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ለብዙ ዓመት የኖረችን፣ ባለቤቴ ዘይነት እንደ እናቷ ልጅ የምታያትን ሰው አንቱ ማለቱ አልመጣልኝም።

መምህርት አገርነሽ የከተማ ልጅ ናት። የመጣች ሰሞን ከጀልባ መውረድ እንኳ አታውቅም ነበርና ሁላችንም ስቀንባታል። ኋላ ግን አርብ አርብ ልጆቹን ይዛ ወደ ወደቡ ትወርድና ግማሹን ሻጭ ግማሹን ገዥ አድርጋ፣ በአንድ ዓሣ ላይ በእንግሊዝኛ ስታከራክራቸው ማየት የመንደሩ ሁሉ መዝናኛ ሆነ። ዓሣ አጥማጆቻችን ሳይቀሩ በእንግሊዝኛ "ውድ ነው" ማለት ለመዱ። ልጄ ሰሚሐም የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገሯን የተናገረችው ይህ ዋጋ አንድ ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አይገዛም ብላ ስትምል ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ይህች መምህርት ስትቆጣ አትጮህም፣ እጇንም አታነሣም። ወደ ክፍል ስትገባ ልጆቹ እንደ ወጉ ብድግ ብለው ሰላም ይሏታል፤ ተቆጥታ ከሆነ ሰላምታውን አትመልስም። ልጆቹም ጥፋት እንዳለባቸው ያውቁና አይቀመጡም። የክፍሉ አለቃ ወጣ ብሎ ስለ ሁሉም ይቅርታ ሲጠይቅ "ሲት ዳውን" ትላለች፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። በደንገል በር ትምህርት ቤት ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይስተውም።

እርስዎም በኅዳር አንድ ማለዳ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር በሞተር ጀልባ መጡ። መምህርት አገርነሽ ከአካባቢው የእንግሊዝኛ መምህራን ሁሉ በልጣ ስለ ተገኘች፣ ከእንግዲህ በስክሪን ለሠላሳ ትምህርት ቤት እንደምታስተምር አበሠሩን። ሴቶቹ እልል አሉ፣ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት መረቋት፣ ልጆቹም ጀልባዋ ከዓይን እስክትጠፋ አለቀሱ። እርስዎም ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት የእኛ ትምህርት ቤት በፕሮግራሙ ከታቀፉት አንዱ መሆኑን ነገሩን። ፕሮግራሙ መምህር ለሌላቸው አልነበረም ወይ ብዬ ብጠይቅዎ፣ ፈገግ ብለው "ከሰኞ ጀምሮ የላችሁም" አሉኝ። መሥፈርቱን ያላሟላ ትምህርት ቤት እንዲያሟላ ለመርዳት በአካል ድረስ የሚመጣ ባለሥልጣን ከእርስዎ በፊት አላየሁምና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. ስለ ሰሌዳው

ስክሪኑን ለመስቀል ጥቁር ሰሌዳችን እንዲነቀል ስላዘዙልን እናመሰግናለን። የሒሳብ መምህራችን አሁን በሩ ላይ ይጽፋሉ። ሰው ገብቶ በወጣ ቁጥር ጥያቄው አብሮ ስለሚሄድ፣ ልጆቹ ፈጥነው መገልበጥን ለምደዋል። ሰሌዳው የት ገባ ብለው ከተጨነቁ፣ ለርእሰ መምህሩ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኖ በማገልገል ላይ ይገኛል። ዶሮዎቹም ያለ አንዳች መቆራረጥ በቀጥታ ይጠቀሙበታል።

፫. ስለ ድምፁ

በምረቃው ዕለት ባደረጉት ንግግር መምህርቷ ልጆቹን ታያለች፣ ልጆቹም መምህርቷን ይጠይቃሉ፣ ርቀት የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ሞቷል ብለውን ነበር። ቀብሩ ላይ አጨብጭበናል። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን ሠላሳ ትምህርት ቤት በአንድ ላይ ከተናገረ ይረብሻል በሚል የእኛ ድምፅ ወደ እሷ እንዳይሄድ ተቆልፏል፤ ይከፈታል የተባለውም በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። እሷ እኛን የምታየው ከሠላሳ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በአንዱ ውስጥ፣ በጥፍር ልክ ተደርገን ነው። ደግሞም መመሪያዎ ሰላምታ የሥርጭት ጊዜ ያባክናል ብሎ ሰላም ማለትንም ተቀመጡ ማለትንም ሰርዞታል። ከሰላምታ የተረፈው ጊዜ ለምን እንደ ዋለ ባላውቅም፣ ለአገር እድገት መዋሉን አልጠራጠርም።

ሥርጭቱ የተጀመረ ዕለት ሰሌዳው በነበረበት ግድግዳ ላይ መምህርት አገርነሽ ብቅ አለች። ልጆቹ ናፍቀዋት ነበርና ወንበራቸውን እየገፉ ብድግ አሉ፣ በአንድ ድምፅም ሰላም አሏት። እሷ ሰላምታቸውን ሳትመልስ በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ገባች።

ልጆቹ ምን እንዳሰቡ እርስዎ ትልቅ ትምህርት የተማሩ ሰው ስለሆኑ አይገምቱትም። ተቆጥታለች አሉ።

ስለዚህ አልተቀመጡም። አርባውን ደቂቃ ሙሉ፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ እየጻፈ፣ ቆመው ተማሩ። በማግሥቱም ቆሙ፣ በሳልስቱም ቆሙ። በሁለት ቀን ሥልጠና "አመቻች" የተባለው የስፖርት መምህራችን አለበል፣ መመሪያው አመቻች በሥርጭት ጊዜ ድምፅ አያሰማም ስለሚል፣ በምልክት ተቀመጡ ቢላቸው ልጆቹ ያስቆመችን እሷ ናት፣ የምታስቀምጠንም እሷ ናት አሉት። እሱም ምን ያድርግ? የሰለጠነው ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ነው።

የክፍሉ አለቃ ቴዎ በየማለዳው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይልና፣ እሷ ራሷ ባስተማረችው እንግሊዝኛ፣ ስለ ክፍሉ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እሷ ከበላዩ ሆና ስለ ኃላፊ ጊዜ ግሥ ታስተምራለች። እሱ ይቅርታውን ጨርሶ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ይቆማል። ይህን አንድ ቀን በመስኮት ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ክቡርነትዎ እንዲያዩት ግን አልመኝም፣ ምናልባት ሰው ሆነው ይገኙና ሥራዎ ይበላሻል።

ይቅርታው መልስ ሲያጣ ልጆቹ ጥፋተኛ ፍለጋ ገቡ። ጠመኔ የወሰደ ተናዘዘ፣ ከኋላዋ ሆኖ አረማመዷን ያስመሰለ ተናዘዘ። ምንም ለውጥ ሲጠፋ ሀዲስ በሚባል ልጅ ላይ ተነሡበት፤ በሽኝቷ ዕለት ስላላለቀሰ ቁጣዋ በእሱ ምክንያት ነው ብለው ፈረዱበት። ሀዲስ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፣ አባቱን የቀበረ ዕለትም አላለቀሰም። ብዙ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቶ ደንገል ውስጥ ተደብቆ ሲውል ዓሣ አጥማጆች አግኝተው መለሱት። ይህንንም ከፕሮግራሙ ውጤቶች እንደ አንዱ በሪፖርትዎ ቢያካትቱት አልከፋም።

ያ ካሜራ የያዘው ሰውዎ በጥር ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቆመው ያነሣቸው ፎቶ "ተማሪዎች ከጉጉታቸው ብዛት ቆመው ሲማሩ" ተብሎ በመጽሔትዎ ሽፋን ላይ ወጥቷል። ከፊት የምትታየው ቀጭን ልጅ ሰሚሐ ናት። መጽሔቱ ሲደርሰን ዘይነት ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችውና ልጄ መቼ ነው እንዲህ የከሳችው አለችኝ።

፬. ስለ ኢንተርኔቱ

አራተኛው ቅሬታዬ ኢንተርኔቱ በየሳምንቱ ስለ መቋረጡ ነበር። ነገር ግን በተቋረጠ ቀን ልጆቹ ስለሚቀመጡ ከቅሬታ ወደ ምስጋና ተዛውሯል።

፭. ስለ ሽምግልናው

በየካቲት አንድ ምሽት ሰሚሐ ያበጠ እግሯን በሞቀ የጨው ውኃ ዘፍዝፋ ተቀምጣ ሳለች "አባየ፣ እኛንማ እምቢ አለችን፤ ሽማግሌ ስደዱባት" አለችኝ። ከቤት ቤት ብንጠይቅ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ለወላጆቻቸው ይህንኑ ብለዋል። እኛም አሰብነው። በደንገል በር ሰው ሲጣላ፣ የተበደለው ሰላምታ ሲነሳ፣ ታላቅ ሰው ይላካል። ከዚህ የተለየ ዘዴ አናውቅም፤ አዝናለሁ፣ ኋላ ቀሮች ነን።

መሪጌታ ፍሬ ስብሐት፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤልና እኔ ተመረጥን። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፣ እማሆይ ደግሞ በጀልባ ላይ የሚያዞራቸው ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ስለ ልጆቹ ብለው ሐይቁን ተሻገሩ። ከመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ጥበቃው ቀጠሮ እንዳለን ጠየቀን፤ መሪጌታም ለዕርቅ የመጣን ነን አሉት። ጸሐፊዎ ተጣዪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ጉዳዩ የተከፈተበት ቁጥርም ስንት እንደሆነ ጠየቁን። ተጣልተው ያሉት ስምንተኛ ክፍልና ስክሪኑ መሆናቸውን ስናስረዳ ጥቂት አሰቡና "የልምድ ልውውጥ ቡድን" ብለው መዘገቡን፤ በየአንገታችንም ካርድ አንጠለጠሉልን። እማሆይ ከመስቀላቸው ጎን ካርዱን ሲያዩት ይህ ደግሞ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የአቶ ግሩም ነው አልኋቸው።

እርስዎ በደስታ ተቀበሉን፣ ለስላሳም ጋበዙን። የመጣንበትን ልንነግርዎ አፋችንን በከፈትን ቁጥር ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ ነገሩን። መምህርታችንን እንድናነጋግራት ስንለምን ሥርጭት ላይ ናት አሉና፣ በመስታወት እንድናያት ወደ ስቱዲዮው ኮሪደር ወሰዱን። ልጆቻችን በስክሪን የሚያዩዋትን እኛ በመስታወት ለማየት ያን ሁሉ ውኃ መሻገራችን ምን ያህል እንዳረካን መግለጽ ያቅተኛል።

ከመስታወቱ ወዲያ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ታስተምር ነበር። ቀና ስትል መሪጌታንና እማሆይን አየቻቸው።

ተነሣች፣ ክቡር ሆይ። በመመሪያዎ ውስጥ ሥርጭት ላይ ያለ ሰው ታላቅ ሲመጣ አይነሣም የሚል አንቀጽ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እሷ ግን ያሳደጋት ሰው አለና ተነሣች። ስትነሣ ፊቷ ከካሜራው ውጭ ሆነ፣ በሠላሳው ትምህርት ቤት ስክሪንም የሹራቧ ቁልፎች ብቻ ቀሩ። ባለሙያዎችዎ በምልክት ተቀመጪ፣ ተቀመጪ ይሏት ጀመር፤ እርስዎም ለስላሳዎን ኮትዎ ላይ ደፉት። እሷ ግን ዓይኗን ከእኛ አልነቀለችም። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋችና መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ አረፍ በሉ አለችን።

ኮሪደሩ ወንበር አልነበረውም። መሪጌታ ግን ተቀመጡ ተብለዋልና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ እማሆይም ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥሁ። እርስዎ ብቻ ነበሩ የቆሙት።

በዚያች ቅጽበት በደንገል በር የሆነውን ሰሚሐ ኋላ ነግራኛለች። ልጆቹ እንደ ወትሯቸው ቆመው ሳለ መምህርቷ በድንገት ብድግ አለች፤ ፊቷ ጠፋ፤ ቀጥሎም ሁለት እጆች ስክሪኑ ላይ መጡና ተቀመጡ የሚል ምልክት አሳዩ። መጀመሪያ ቴዎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሁሉም ተቀመጡ፤ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ በርቶ ሳለ ወንበር ተነካ። ሀዲስም ዴስኩ ላይ ተደፍቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አለቀሰ።

ሥርጭቱ ሲያልቅ ወጥታ መጣች፣ የእማሆይን ጉልበት ሳመች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ሽምግልና ሥርዓት ልጆቹ አጥፍተው ከሆነ ስለ እግዚአብሔር ብላ ይቅር እንድትላቸው ለመኗት፤ ቁጣዋን ፈርተው እስከ ዛሬ እንዳልተቀመጡም ነገሯት። ግድግዳውን ተደገፈችና "እኔኮ ጥላን ሄደች ብለው የተቀየሙኝ መስሎኝ ነው" አለች። "በዚያች በትንሿ ሳጥን ቆመው ባየኋቸው ቁጥር አሁን ጥለውኝ ሊወጡ ነው እያልሁ ስፈራ ከረምሁ።" ድምፃቸው እንዲከፈትላት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድታናግራቸው መሥሪያ ቤትዎን ደጋግማ ለምና ነበር። እርስዎም አጠገባችን ስለነበሩ ሰምተዋታል፤ የኮትዎን እድፍ በመሐረብ እየጠረጉ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ በኋላ በተራ ቁጥር የሚገባ አልሆነም።

በሳምንቱ መምህርት አገርነሽ "ከሥርጭት ሥነ ሥርዓት ውጭ በመነሣቷ" ከስክሪን መውረዷን ሰማን። ደስታችን ወሰን አጣ፤ ያጠፋ ሠራተኛ ወደ ገጠር ይጣላልና፣ ወደ እኛ ትጣላለች ብለን ጀልባ ሁሉ አዘጋጅተን ነበር። እርስዎ ግን ለቅጣትም የተለየ ተሰጥኦ አለዎት። የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ገመድ እንድትጠቀልል መደቧት። አሁን ዓባይ ማዶ በተከራየችው ክፍል ታድራለች፣ ቀን ገመድ ትጠቀልላለች፣ እሁድ እሁድ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ለልጆቹ ሰላምታ ትልካለች። መልስ ያልተሰጣቸው የዚያ ሁሉ ማለዳ ሰላምታዎች ዕዳ አለብኝ ብላለች አሉ።

ትመለስልን ብለን ብንጠይቅ፣ ደንገል በር መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ተብሎ የታቀፈ ስለሆነ መምህር ከተመለሰለት ከፕሮግራሙ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ አስጠነቀቁን። ይሰረዝ፣ በአላህ ስም ይሰረዝ አልን። የመሰረዝ ጥያቄ የሚቀርበው በትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ፊርማ ነው አሉን። ይህን መልስ ለመሪጌታ ሳነብላቸው ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ደግሜ እንዳነብላቸው ለመኑኝ፤ ሁለተኛ ካነበብሁላቸው በኋላ፣ ይህን የጻፈ ሰው ጤነኛ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በደብዳቤዬ መግቢያ ጤናዎን የጠየቅሁት እንግዲህ ለወግ ያህል ብቻ አልነበረም።

በእሷ ምትክ ያመጡልን ወጣት ያማረ ከረባት ያስራል፣ ፈረንጅ የሚያስንቅ እንግሊዝኛም ይናገራል። ጥፋት የለበትም፤ ማን ወዳለበት ክፍል እየተናገረ እንደሆነ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ በወጣ የመጀመሪያው ዕለት አለበል ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ይነሣሉ ብሎ ጠበቀ። አንድም ልጅ አልተነሣም። ቴዎ ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ አስተኛ፣ ሰሚሐ በመስኮት ወደ ሐይቁ ማየት ጀመረች። እሱ አስተምሮ ሲጨርስ ስክሪኑ ጠፋ፤ ክፍሉ ውስጥ ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። መሥሪያ ቤትዎ በመጋቢት በላከው ሪፖርት ይህን "የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት መሻሻል፤ አሁን ተቀምጠው ይማራሉ" ብሎ አስፍሮታል። ሲቆሙም እናንተ አተረፋችሁ፣ ሲቀመጡም እናንተ አተረፋችሁ። እንዲህ ያለ ንግድ እኔ ዕድሜ ልኬን ስነግድ አልገጠመኝም።

ልጄ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ አልተናገረችም። ወደ ወደቡ ወርዳ አትከራከርም። በሰኔ ምን እንደምትጽፍ ብጠይቃት የመልስ ወረቀቱ ላይ የማውቀውን አጠቁራለሁ፣ የማላውቀውን አንተ ትጠይቅልኛለህ አለችኝ፤ አቶ ግሩምን ጠይቅልኝ ማለቷ ነው። ስለዚህ እነሆ እየጠየቅሁ ነው። ስክሪኑን ይውሰዱት፣ እሱን የሚያበራውን የፀሐይ መሣሪያም ይውሰዱት፣ የምረቃውንም ሪባን ቀጥለን እንመልስልዎታለን። በሽልማትም በቅጣትም፣ በወደዱት ስም ይጥሩትና፣ ገመድ የምትጠቀልለውን ሴት በሚቀጥለው ጀልባ ይላኩልን። ፈተናው አንድ ወር ቀርቶታል። እሷ አንድ ወር ከበቂ በላይ ነው ብላለች።

በልዩ ልዩ የስብሰባ አዳራሾች በመቀመጥ ላይ ያሉት ክቡርነትዎ፣ ዕድሜና ጤና ከነወንበሩ እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሱቄ ባንኮኒ ላይ፣ ለነገሩ ክብር ስል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ የጻፍሁ፣

ውለታዎን የማይረሳው፣ እንዲረሳም የማይፈልገው
ኢስሀቅ
የደንገል በር ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለመምህርት አገርነሽ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ባሕር ዳር
ለጥቁር ሰሌዳው፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ በመጪው ሳምንት ለሁለተኛው ምዕራፍ ማስጀመሪያ ከእንግዶችዎ ጋር ወደ ክፍላችን እንደሚመጡ በደብዳቤ ተነግሮናል፤ ክፍሉንም ጠርገን እንጠብቅዎታለን። ሲገቡ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ ሰላምም ሳይሉዎት ቢቀሩ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩባቸው አደራ እላለሁ። በደንገል በር ሰው ሲመጣ መነሣት ዛሬም ወግ ነው። ልጆቹ እርስዎንም ስክሪን ላይ ያሉ መስሏቸው ነው።